በአዳማ ሙቀት ከኮሎስቶሚ ባግ ጋር፦ ላቡን፣ ሽታውንና ሰርጉን እንዴት ልቻለው?

የግንባታ ዕቃው ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?

አዳማ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት አንጀቴ ተጠማዞ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ በግራ ሆዴ በኩል ኮሎስቶሚ አለኝ፤ ትልቁ አንጀቴ ሆዴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወጥቶ ዓይነ ምድሩ እዚያ በሚለጠፍ ባግ ውስጥ ይገባል። ጊዜያዊ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ መልሰን እንገጥመዋለን ብለውኛል። ፈጣሪ ይመስገን። በብርዱ ወራት ብዙም አልተቸገርኩም። ጃኬት ደርቤ እወጣለሁ፣ ማንም ምንም አያይም።

አሁን ግን መጋቢት ነው። የአዳማን መጋቢት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የምሠራበት የግንባታ ዕቃ መሸጫ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ከቀትር በኋላ አያስቀምጥም። ላቡ ከደረቴ ወርዶ የባጉ ማጣበቂያ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ጠርዙ ቀስ እያለ ይነሳል። በጥቅምት ቀናት ይቆይ የነበረው ባግ አሁን ቶሎ ይላቀቃል። ባጉ ርካሽ አይደለም፣ ሲፈልጉትም ሁልጊዜ አይገኝም። ፕላስቲኩ ሆዴ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ቀልቶ ሽፍ ብሏል፤ ያሳክከኛል።

ሌላው ጭንቀቴ ሰርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ አብሮ አደጌ ያገባል። ሚዜ ነኝ። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ከሙሽሪት ቤት ወደ አዳራሽ፣ ፎቶ፣ ጭፈራ፣ እስከ ሌሊት። መቅረት አልችልም፣ አልፈልግምም። ግን ባጉ ተነፍቶ በሸሚዙ ቢታይስ? ቢሸትስ? መሃል ላይ ቢላቀቅስ? ሙሽራው ኦፕራሲዮን መሆኔን ያውቃል እንጂ ባጉን አያውቅም።

በሙቀት አገር ከባግ ጋር የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።


መምህርቷ (አዳማ)

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ። ትልቁ አንጀቴ ቆስሎ ስለወጣ ኢሊዮስቶሚ አለኝ፣ ማለትም መውጫዬ ከትንሹ አንጀት ነው፣ ለዘለቄታው። ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር በደንብ ተዋውቀናል።

ልብሱንና ሰርጉን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ማጣበቂያውን እንያዝ። ማጣበቂያው ከደረቀ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ካልደረቀ ምንም ብትለብስ ትጨነቃለህ።

ያ ማጣበቂያ የተሠራው እርጥበት እየመጠጠ ቆዳን እንዲጠብቅ ነው። ላብም እርጥበት ነው። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ቶሎ ያልቃል፣ ይሟሟል። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። እስኪላቀቅ ግን አትጠብቅ። በብርዱ በአራት ቀን ትቀይር ከነበረ አሁን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ቀይር፤ ቀኑንም ቁረጥለት። ባጉ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያፈሰሰበት ቆዳ ከተላጠ በኋላ የሚለጠፍ ባግ ሁሉ አልይዝ ይላል፤ የዚያን ጊዜ ወጪው ይብሳል።

የምቀይረው ማለዳ ነው፣ አፌ ላይ ምንም ሳላደርግ። አንጀት ያን ጊዜ ረገብ ይላል። አዳማም ያን ጊዜ ይተነፍሳል። ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለህ። ሳሙና ካስፈለገ ቅባትና ሽቶ የሌለው ይሁን፣ በደንብም ይለቅለቅ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርገህ ታደርቃለህ፣ አትፈትገውም። አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች፦ ቬንትሌተር ፊት ቁጭ በል። መብራት ከሌለ በጋዜጣ አራግብ። ቆዳው ጭራሽ ላብ እስኪያጣ ድረስ ጠብቅ። ከለጠፍክ በኋላ መዳፍህን አስቀምጥበትና ጥቂት ደቂቃ ያዘው፤ በሰውነት ሙቀት ነው የሚይዘው። ወዲያው ብድግ ብለህ ወደ ሥራ አትሩጥ።

ደግሞ ትርፍ ባጎችህን የት ነው የምታስቀምጠው? ሱቁ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣቸው። ቆርቆሮ ሥር የዋለ ማጣበቂያ ገና ሳይለጠፍ ይለሰልሳል። መኪና ውስጥም አይቀመጥም። ቤት ውስጥ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቁምሳጥን ይበቃል።


ሲስተር ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የመምህርቷ ምክር ትክክል ነው። እኔ ስለ ቆዳው ልጨምር።

ወንድሜ፣ መቅላት ሁሉ አንድ አይደለም። ቦታውን እይ።

ማጣበቂያው ሥር፣ ስቶማውን (ሆድህ ላይ ያለውን የአንጀት መውጫ) ተጠግቶ ከሆነ የቀላው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዓይነ ምድር ቆዳውን መንካቱ ነው። የቀዳዳውን መጠን ለካ። ስቶማ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያበጠ ነው፤ በሚቀጥሉት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግን ያኔ ሆስፒታል በተሰጠው መጠን እየቆረጠ ይቀጥላል። ቀዳዳው ሰፍቶ ቆዳው ይጋለጣል። በስቶማውና በማጣበቂያው መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ፕላስቲኩ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ፣ እንደ አንተ፣ የላብ ሽፍታ ነው። ፕላስቲክና ቆዳ ተጣብቀው ሲውሉ ላቡ መሄጃ ያጣል። በመካከላቸው ጥጥ ጨርቅ ይግባ፣ ይሻልሃል።

ጠርዙን ተከትሎ በጣም የሚያሳክክ፣ ዳር ዳሩን ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ይህን ለባለሙያ አሳይ፤ መድኃኒቱ በዱቄት መልክ ይሰጥሃል። ቅባት ከሆነ ባጉ አይለጠፍም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ባግ በሚለጠፍበት ቆዳ ላይ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ ሎሽን፣ ማር፣ ምንም እንዳይቀባ። ለሽታ ብላችሁ አስፕሪን ባጉ ውስጥ የምትጨምሩም አላችሁ። ተዉት። ስቶማውን አቁስሎ ያደማል። አየር ለማስወጣት ባጉን በመርፌ መብሳትም አይሆንም። የቀረው ሽታ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል።


ልብስ ሰፊዋ (አዳማ)

እኔ ባግ የለኝም። ባለቤቴ ግን ነበረው፣ ነፍሱን ይማርና። ለእሱ ስሰፋ የተማርኩትን ልንገርህ።

ሲስተር ያሉት ጥጥ ጨርቅ ቀላል ሥራ ነው። ያረጀ ንጹሕ ከነቴራ ውሰድ። ባጉን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ አንሳው። ጣት የሚያህል ትርፍ ተውለት። ሁለት ቁራጭ ቁረጥ። በአንደኛው ላይ፣ ማጣበቂያው በሚወጣበት በኩል፣ ክብ ቀዳዳ አውጣና ጠርዙን እጠፈው። ታችኛው ጫፍ አይሰፋ፣ ለማስወገጃ ክፍት ይሁን። አለቀ። ከአንድ በላይ አሰፋ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ከፕላስቲኩ አይሻልም። ባጉ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው የፌስታል ድምፅም በጨርቁ ይጠፋል።

ስለ ልብስ ደግሞ። አዳማ ሙቀት ብቻ አይደለም ያላት፣ ነፋስም አለ። ሰዉ ሲሞቀው ስስ ሸሚዝ ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ ያ አቧራማ ነፋስ ሲመጣ ስሱ ሸሚዝ ሆድ ላይ ልጥፍ ይላል። ያኔ የባጉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ስስ አትልበስ። ፈታ ያለ፣ ትንሽ ክብደት ያለው ጥጥ ልበስ። መስመር ወይም ጥለት ያለው ከነጭ ይሻላል፤ ዓይን ጥለቱ ላይ ይቀራል። ከሥር ከነቴራ አድርግ። ከነቴራውን ሱሪ ውስጥ ክተተው፣ ሸሚዙን ውጪ ልቀቀው። ላቡን ከነቴራው ይጠጣዋል።

ሙሉ ልብሱን ሱሪው ከመጠናቀቁ በፊት ሰፊ ዘንድ ይዘህ ሂድ። ቀበቶ ስቶማው ላይ ከዋለ ይፈትገዋል፣ ዓይነ ምድሩም ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። ወገቡ አንድ ሁለት ጣት ፈታ ይበልና በትከሻ በሚያዝ ማንገቻ ይያዝ። ኮት ሥር አይታይም፤ ቢታይም ያምራል። ሱሪው ፊቱ ላይ እጥፋት ይኑረው፣ ለባጉ ቦታ ይሰጣል።


የግንባታ ዕቃው ልጅ (አዳማ)

እናቴ፣ ባለቤትዎን ነፍስ ይማር። እግዜር ይስጥልኝ። የነፋሱን ነገር ስንት ጊዜ አስተውዬው ምን እንደማደርግ ጠፍቶብኝ ነበር። መምህር፣ ባጎቹ በእርግጥም ሱቁ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ወደ ቤት ወሰድኳቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጾም ላይ ነኝ። ሽሮና ምስር ነው የምበላው። ከሰዓት በኋላ ባጉ ይነፋል። ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ቆሜ ሲነፋ ይሰማኛል። አንዳንዴ ላለመጨነቅ ስል ሳልበላ እውላለሁ።


ሲስተር ከሐዋሳ

ሳትበላ አትዋል ወንድሜ። ባዶ አንጀት ይበልጥ አየር ይሠራል። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብላ። ቀስ ብለህ አኝክ።

አየር የሚያበዙት ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቢራ፣ ለስላሳና አምቦ ውሃ ናቸው። በስትሮ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክም አየር እንድትውጥ ያደርጋል። ሽታ የሚያጠነክሩት እንቁላል፣ ዓሣ፣ ነጭ ሽንኩርት ናቸው። እኛ ሐዋሳዎች ዓሣውን መተው አንችልም፣ ለታካሚዎቼም ተዉት አልልም። መቼ እንደምትበሉት እወቁ ነው የምላቸው።

ሰዓቱን ያዝ። እንደ አንተ ግራ ሆድ ላይ ኮሎስቶሚ ያለው ሰው የበላው ምግብ አየር ሆኖ የሚወጣው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነው። ኢሊዮስቶሚ ሲሆን ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ስለዚህ ሽሮውን ማታ ብላው። አየሩ ተኝተህ ሳለ ይመጣል፣ ጠዋት ታስወጣዋለህ። ቀን ላይ ሩዝ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝ ይሻልሃል። ለሰርጉም ሒሳቡ ይኸው ነው። እራት ላይ የምትበላው ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው የሚመጣው። የሚያሳስብህ የዚያን ቀን ጠዋት የበላኸው ነው።

ባግህ ከላይ በኩል ትንሽ ማጣሪያ ካለው አየሩን ሽታውን አስቀርቶ ያስወጣዋል። ውሃ ከነካው ግን ይደፈናል። ስትታጠብ በፕላስተር ሸፍነው። ማጣሪያ ከሌለው ሽንት ቤት ገብተህ ጫፉን ከፍተህ አየሩን አስወጣ።

ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ሁኔታህን በግልጽ ከነገርካቸው ያዝኑልሃል። ጾሙ የሚያስጨንቅህ ከሆነ ዝም ብለህ አትሸከመው።


መምህርቷ (አዳማ)

ሲስተር፣ ኢሊዮስቶሚ ስላላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፣ የዚህ ከተማ ሙቀት ለእኛ አደጋ ነው።

ውሃና ጨው የሚመጥልን ትልቁ አንጀት ነበር። እሱ የለም። ፈሳሹ እየወጣ፣ ላቡም እየወጣ ሰውነት ሳያስበው ይደርቃል። ምልክቱ ሽንት ይጠቁራል፣ ያንሳል። ራስ ያማል። ባት ይኮማተራል። ሲነሱ ያዞራል። ይህ ሲሆን ባዶ ውሃ ብቻ እያከታተሉ መጠጣት አይበቃም፤ ፈሳሹ ይበዛና ጨው ይዞ ይወጣል። ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ (ለሰውነት ድርቀት የሚበጠበጠውን ዱቄት) ገዝታችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ በቤት ይሠራል፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ቁልል ሳይሆን ልክ ልክ ይሁን። እኔ ክፍል ስገባ በኮዳ ይዤ እገባለሁ፤ ተማሪዎቼ ሻይ ይመስላቸዋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቆሎ፣ ፈንዲሻና የበቆሎ እሸትም ለእኛ አይመከርም። አኝከን ካልጨረስነው መውጫው ላይ ይከማችና ይዘጋል። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ለሰዓታት ምንም ሳይወጣው ቀርቶ ሆዱን ከቆረጠውና ካስመለሰው ቤት አይቀመጥ።


ባለባጃጁ (አዳማ)

ሰላም ወንድሜ። እኔም ባግ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነው የምውለው። ከሥር የሞተሩ ሙቀት፣ ከላይ ፀሐይ። የምነግርህ አንድ ነገር ነው። ባጉ አንድ ሦስተኛ ሲሞላ ውስጡ ያለውን አስወግድ። እየቆየ ሲሞላ ይከብዳል፣ ሲከብድ ማጣበቂያውን ይጎትታል፣ ሲጎትት በላብ የለሰለሰው ጠርዝ ይነሳል። ሰው የሚያየውም ያኔ ነው። ባዶ ባግ ማንም አያየውም።

ስለዚህ የትኛው ሰፈር የትኛው ካፌ ንጹሕ ሽንት ቤትና ውሃ እንዳለው አጥንቻለሁ። ሻይ አዝዤ ገባ እላለሁ። አዳማ ቧንቧው ሁልጊዜ እንደማይመጣ ታውቃለህ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ከእኔ አይለይም። የቁጢጥ ሽንት ቤት ከሆነ መጀመሪያ ሶፍት ጣል አድርግበት፣ እንዳይረጭ። ሸሚዝህን ጠቅልለህ በአገጭህ ያዘው። ጎንበስ ብለህ ጫፉን ወደ ታች ትፈታለህ። ሲያልቅ የጫፉን ውስጥና ውጪ በሶፍት በደንብ ጥረግ። ሽታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ጫፍ ነው እንጂ ከባጉ አይደለም። የተቀየረውን ባግ ጉድጓድ ውስጥ አትጣል። ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስረህ ወደ ቆሻሻ።

ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳ ካለህ ቦታ ለውጥለት። እኔ ሒሳብ የምይዝበትን በደረቴ ነው ያዞርኩት።


ሁሉም ይወቀው (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚደበቀው? ሕይወትህን ያተረፈልህ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ ባጉን ሲደብቅ ከቤት መውጣት ተወ። እንዳይሞላበት መብላት ተወ። እንዳይሸት ብሎ ጸሎት ቤት መሄድ ተወ። ከሳ። በሽታው ሳይሆን መደበቁ ነው የጎዳው። ለሰርገኛው ሁሉ ንገራቸውና ተገላገል። የሚስቅ ሰው ካለ እሱ ጓደኛ አልነበረም።


መምህርቷ (አዳማ)

ወንድምህን እግዚአብሔር ያበርታልህ። ስሜትህ ይገባኛል። ነገር ግን መንገርም አለመንገርም የባለቤቱ ነው። እኔ በትምህርት ቤቱ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተማሪዎቼ እንዲያውቁ አልፈልግም፤ አፍሬ አይደለም። ሆዴ የእኔ ነው። ወንድምህን የጎዳው ብቻውን መቅረቱ ይመስለኛል። አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ብዙ ይቀልለት ነበር።

ሚዜው ወንድማችን ለሙሽራው ብቻ ቢነግረው ይበቃዋል። ወይም ከሚዜዎቹ ለአንዱ። ድንገት ሲጠፋ “የት ሄደ?” ተብሎ አዳራሽ ሙሉ እንዳይፈለግ።


ሐጂው (አዳማ)

ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እህል ነጋዴ ነኝ። በካንሰር ምክንያት ስቶማ ከወጣልኝ ቆይቷል፣ የእኔ ዘላቂ ነው። መምህርቷ ያለችው ደግ ነው። እኔ ቤተሰቤ ያውቃል፣ አንድ የመስጊድ ጓደኛዬም ያውቃል። ሌላው አያውቅም፣ አያስፈልገውምም።

ለሙቀት ከጀለቢያ የተሻለ ልብስ አላገኘሁም። ቀበቶ የለው፣ ወገብ የለው፣ ነፋስ ከሥር ይገባል። ቤት ውስጥ ሽርጤን ከስቶማው በታች እቋጥራለሁ። የሥራ ልብስ ካላስገደደህ በቀር ቤትህ ስትገባ ሱሪውን አውልቀህ ቆዳህን አስተንፍሰው።

አዲስ አበባ ስሄድ በፍጥነት መንገዱ ነው፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃል ላይ እንደልብ አይቆምም። ከመሳፈሬ በፊት አስወግዳለሁ። የመኪናው ቀበቶ ስቶማው ላይ እንዳያርፍ ትንሽ ፎጣ አጥፌ ከጎኑ አደርጋለሁ።

ስለ ሰላት የሚጨነቅ ካለም ልንገር። ኡስታዛችንን ጠይቄያለሁ። መቆጣጠር የማይችል ሰው የሰላት ወቅት ከገባ በኋላ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ በመሃል ቢወጣው ሰላቱ አይበላሽበትም። ሱጁድ ላይ ባጉ እንዳይጨመቅ ቀድሜ አስወግዳለሁ። በረመዳን ደግሞ ሐኪሜን ጠይቄ ነው የምጾመው።


የሕፃኑ እናት (አዳማ አካባቢ)

እባካችሁ እኔም ልጠይቅ። ልጄ ፊንጢጣው ተዘግቶ ነው የተወለደው። ኮሎስቶሚ ተሠርቶለት ቀጣዩን ኦፕራሲዮን እየጠበቅን ነው። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ባግ አላገኘሁም። በጨርቅ ነው የምይዝለት። ሙቀቱ ከመጣ ወዲህ ዙሪያው ተላጠ፣ ሲነካ ያለቅሳል። አማቴ ቅቤ ቀቢው ይሉኛል። እናንተ ደግሞ ቅባት አይነካ ትላላችሁ። ግራ ገባኝ።


ሲስተር ከሐዋሳ

አይዞሽ እህቴ። ቅባት አይነካ ያልኩት ባግ ለሚለጥፉ ነው። አንቺ ባግ ስለማትለጥፊ ቆዳውን የሚሸፍን ቅባት ያስፈልገዋል። ቅቤውን ግን ተዪው፤ ንጹሕ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው የሕፃን ቅባት ይሁን። ስቶማው ላይ ሳይሆን ዙሪያው ቆዳ ላይ ወፈር አድርገሽ ቀቢ። ከላይ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አጥፈሽ አድርጊ። እንደረጠበ ቀይሪ፣ አታቆዪው። ስትቀይሪ ቅባቱን ሁሉ ፈትጋችሁ አታንሱ፤ የቆሸሸውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ አንሥታችሁ ደርቡበት። በሽፍን ፕላስቲክ አትጠቅልዪው፣ ቤት ውስጥ ልብሱን አቅልዪለት፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው።

የተላጠው ከደማ፣ ወይም ፈሳሹ በጣም በዝቶ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ በዚያው ቀን ውሰጂው። ስቶማው ሁልጊዜ ቀይና እርጥብ መሆን አለበት። ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቀለም ካየሽ አንድም ሰዓት አትቆዪ። ይህ ለአዋቂዎችም ነው።


ልብስ ሰፊዋ (አዳማ)

የሕፃኑ እናት፣ አዳማ ስትመጪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከጥጥ የተሠራ፣ ሆዱን ዞሮ በጨርቅ የሚታሰር መያዣ እሰፋልሻለሁ፣ ደጋግመሽ የምትቀያይሪው። ገንዘብ አታስቢ።


የግንባታ ዕቃው ልጅ (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጨርቁን ልባስ እህቴ ሰፍታልኛለች። ሽፍታው እየደረቀ ነው። ቀዳዳውንም ለካሁት፤ ሲስተር እንዳሉት ሰፍቶ ነበር። ለሙሽራው ነግሬዋለሁ። ትንሽ ዝም አለና “ታዲያ ቀድመህ ብትነግረኝ መኪናውን አየር ማቀዝቀዣ ያለው እናደርግ ነበር” አለኝ። አሁንም እናደርጋለን ብሏል።

የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ፣ ከሰርጉ ማግስት ጓደኞቻችን ሶደሬ እንሂድ ብለዋል። ውሃ ውስጥ መግባት እችላለሁ? ሁለተኛው፣ መጨፈር እችላለሁ?


መምህርቷ (አዳማ)

ሶደሬ ሄጃለሁ። ባግ ለብሶ ውሃ መግባት ይቻላል። ግን የሶደሬ ውሃ ፍል ውሃ ነው፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ብዙ አትቆይ። አስቀድመህ ቤትህ ለብ ባለ ውሃ ታጠብና ምን ያህል እንደሚይዝ እየው። ከመግባትህ በፊት አስወግድ፣ የማጣበቂያውን ጠርዝ ዙሪያውን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ለጥፍ፣ ማጣሪያውን ሸፍን። ወገቡ ከፍ ያለ ጥቁር ቁምጣ ልበስ፤ ከላይ ከነቴራ ብትለብስ ማንም አይጠይቅህም፣ ግማሹ ሰው እንደዚያ ነው የሚዋኘው። በዚያው ቀን ልትቀይረው አስብ። አዲስ የለጠፍከውን ግን ወዲያው ውሃ አታግባው፣ ይጽና።


ሲስተር ከሐዋሳ

ጭፈራው ይቻላል። እስክስታም ይቻላል፣ ትከሻ ነው። አዲስ ባግ በሰርጉ ማለዳ ሳይሆን በዋዜማው ለጥፍ፣ አዳሩን ይያዝ። አዳራሽ ከመግባትህ በፊት፣ ከእራት በፊት፣ ከጭፈራው በፊት አስወግድ። ውሃ ጠጣ። ቢራውን ቀስ በል።

ትንሽ ቦርሳ አዘጋጅ። በልክ የተቆረጠ ትርፍ ባግ፣ ሶፍት፣ ጥቁር ፌስታል፣ ውሃ፣ አንድ ትርፍ ከነቴራና ሸሚዝ። ቦርሳውን የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተወው፤ አዳራሽ ውስጥ ለሚያውቅ ሰው አስይዝ።

ድምፅ ቢያሰማ ክንድህን ቀለል አድርገህ ባጉ ላይ አሳርፍ፣ ይታፈናል። በዚያ ከበሮ መካከል ግን ማን ይሰማዋል?

ሙሽራውን ወደ ላይ ለማንሳት አንተ አትግባ። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሆድ ከባድ ነገር ሲያነሳ በስቶማው ጎን ሊያብጥ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሲሚንቶ መሸከሙንም ለሌላ ሰው ተው።


ልብስ ሰፊዋ (አዳማ)

ሱሪው ገና ከሆነ ሰርጉ ሳይደርስ ይዘኸው ና። ባጉን ለብሰህ፣ ትንሽ ሞልቶ ሳለ ና። ባዶውን ለክቼ ብሰፋው ያን ቀን ይጠብሃል።


የግንባታ ዕቃው ልጅ (አዳማ)

እሺ እናቴ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።